ልጁ የሸሸው አባቱን ነውን?

ለወራት በግዳጅ ላይ ሰንብቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወታደር ልጁን አንሥቶ ለማቀፍ ይቸኩላል። ልጁ ግን ጆሮውን ይዞ ወደ ጓዳ ቢሮጥ አባትየው ምን ይሰማው ይሆን? «ረሳኝ» ብሎ ያዝናል፤ ወይም «እናቱ አቀማጥላ አበላሸችው» ብሎ ይቆጣል። ጎረቤትም በበኩሉ ዓይነ ጥላ ነው ማለቱ አይቀርም። በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን ልናነሣ የወደድነው፥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚሸሸው አባቱን ሳይሆን ከደንብ ልብሱ የማይለቀውን የናፍጣና የጠመንጃ ዘይት ሽታ፥ የጫማውንም ኳኳታ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ልዩነት እንጂ የእናት አስተዳደግ ጉድለት የሚያመጣው አይደለም። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት በጻፉት ጥናት፥ የምንጣፍ መጥረጊያ መኪና፥ አሳንሰር፥ ነፋስ እንኳ ሳይቀር እነዚህን ልጆች ያስደነግጥ እንደ ነበር መዝግበዋል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን ሌላው ማስታወሻቸው ነው፤ ያው ልጅ ራሱ ከሚፈራው የማያንስ ጩኸት እያሰማ ደስ ብሎት ይጫወታል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ድስት ሲደበድብ የሚውል ልጅ በማለዳው ጡሩምባ ቢንፈራገጥ «ያስመስላል» ልንለው አይገባም። የድስቱ ድምፅ በእጁ ነው፤ ሲፈልግ ያቆመዋል። ጡሩምባው ግን ያለ ፈቃዱ ይመጣበታል። ይህ የስሜት ልዩነት በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 መሆኑ፥ ማለትም ከሰባ ዓመት በኋላ፥ ያስገርማል።

ነገሩ የጆሮ ሕመም አይደለም። በጄኔሬተር አጠገብ የሚኖር ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ድምፁን ልብ አይለውም፤ አንጎሉ ይለምደዋልና። አንጎልን በምስል የመረመሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፥ ድምፅ በሚያስጨንቃቸው ኦቲስቲክ ልጆች ዘንድ ይህ መልመድ ይዘገያል፤ አሥረኛው ጩኸት እንደ መጀመሪያው ሊያስደነግጥ ይችላል። ኦቲዝም ያለባቸው የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን በልጅነታቸው የትምህርት ቤቱ ደወል የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነርቭ ሲነካ የሚሰማውን ያህል ያሠቃያቸው እንደ ነበር ተናግረዋል።

ሽታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእስራኤል የቫይስማን ተቋም ተመራማሪዎች ለልጆች የጽጌረዳ፥ የሻምፑ፥ የኮመጠጠ ወተትና የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አቅርበው አተነፋፈሳቸውን ለኩ። ሌሎቹ ልጆች መጥፎው ሽታ ሲደርሳቸው ወዲያው ትንፋሻቸውን ሲያሳጥሩ፥ ኦቲስቲኮቹ ግን ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ዓይነት ሳቡት። አንዳንዱ ልጅ የሰውን ፀጉር፥ ጫማና ሳሙና እያነሣ ያሸታል፤ ሌላው በርበሬ ሲቆላ ምግቡን ትቶ ይወጣል። የተቆላውን ቡና ጭስ ወደ እንግዳ ማቅረብ አክብሮት ነው፤ ለዚህኛው ልጅ ግን ቅጣት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እናት በርበሬውን ልጁ ከቤት በሌለበት ሰዓት ብትቆላ፥ አባትም ከመታቀፉ በፊት ልብሱን ለውጦ ሽታ በሌለው ሳሙና ቢታጠብ ብዙ ለቅሶ ይቀራል። ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት ለልጁ መንገርና ጆሮውን እንዲይዝ ማሳየት ይጠቅማል። የጆሮ መከለያም መልካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይደረግ፥ ጆሮው ዝምታን ብቻ ይለምዳልና። «ይልመደው» ተብሎ ወደ ሰልፍ ሜዳ የሚጎተተው ልጅ ግን የሚማረው የጎተተውን ሰው መፍራት ነው።

ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከሰው ዓይን በሚሰውርበት ዘመን፥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ እርሳቸውም የኦቲስቲክ ልጅ እናት፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል።

በስሙ ሲጠሩት ዘወር የማይል ልጅ ያላችሁ እናቶች፥ ስለ ኦቲዝም ከማሰባችሁ በፊት ጆሮው በሐኪም ይመርመርላችሁ። የሚሰማ ሆኖ ከተገኘ፥ የሚሸሽባቸውን ድምፆችና ሽታዎች ከነሰዓታቸው በደብተር ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።