የፋጉሎው ዋጋና የወተቱ ዕዳ

ከኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጀርባ፣ በቆርቆሮ በረት ሦስት የፈረንጅ ላሞች የሚያልቡ አንዲት እናት አሉ፤ የግጦሹ መሬት በሕንፃ ስለ ተያዘም ላሞቻቸው ቀለባቸውን የሚያገኙት ከሜዳ ሳይሆን ከገበያ፣ ይኸውም በጆንያ ከሚመጣው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ባለፈው ሰሞን ከጆንያው አንድ ቁራሽ ፋጉሎ አውጥተው ቢያሳዩኝ ጠርዙ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ነበርና «እማማ፣ ይህን እንዴት ገዙት?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ነጋዴው ኪሎውን እንጂ ሻጋታውን መች ይመዝናል!» ብለው መለሱልኝ።

የዛሬው ነገራችን በዚህች መልስ ውስጥ አለ። ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከማች፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈልቃል፤ መርዙም በላሚቱ ሆድ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ፣ ከወተቷም ወደ ሕፃኑ ጽዋ ይሻገራል። በ2007 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከደብረ ዘይት የሰበሰቡትን 110 የወተት ናሙና ቢመረምሩ መርዙ የሌለበት አንድ ስንኳ አልተገኘም፤ አውሮፓ ከሚፈቅደው ልክ፣ ማለት በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ግን የዚህን ልክ ዐሥር እጥፍ ያለፉ ነበሩ። ለዚህም ዋናው ምክንያት ኑግ ፋጉሎ ያለበት መኖ ሆኖ ተገኘ። ወተት ቢፈላ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ይሞታል፤ አፍላቶክሲንን ግን የምድጃ እሳት አያጠፋውም።

እንግዲህ የአዝርዕት፣ የእንስሳና የሰው ጤና፣ ሊቃውንቱ ዛሬ «አንድ ጤና» የሚሉት፣ በሂሳብ ዓይን ሲታይ ተካፋዩ ያልታወቀ ዕዳ ነው። ፋጉሎውን አድርቆ በደረቅ መጋዘን የሚያኖር ነጋዴ ወጪው የራሱ፣ ትርፉ ግን ስሙን የማያውቀው የከተማ ሕፃን ስለ ሆነ፣ ሳያደርቀው ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? የዚህ ምርምር ወሬ በተሰማ ጊዜም ወተት ገዥው ንጹሑን ወተት ከተመረዘው በዓይኑ መለየት ስለማይችል ከሁሉም ሸሸ፤ ጥንቃቄ ያደረገውም ያላደረገውም ባለላም በእኩል ተቀጣ።

አዝርዕትን፣ እንስሳንና ሰውን በሚያያይዘው በዚህ የጤና ሰንሰለት ላይ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ምን እንደሚከተል አገራችን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን አይታለች፤ ደስታ የተባለው የከብት ደዌ በሬውን ፈጀ፣ በሬው ሲያልቅ ሞፈሩ ቆመ፣ ሞፈሩ ሲቆም ሰው በረኃብ አለቀ።

ስለዚህ የወተቱም ፈውስ የሚጀመረው ከሕክምና ቤት ሳይሆን ከፋጉሎው መጋዘን ነው። ሦስት ላም ያላት እናት ለእያንዳንዱ ጆንያ የምርመራ ወጪ ልትሸከም አትችልም፤ ኀምሳ እንደ እርሷ ያሉ ባለላሞች በማኅበር ሆነው መኖአቸውን በጅምላ ቢገዙ ግን፣ የአንዱ ጭነት የምርመራ ዋጋ ለኀምሳ ይከፈላል። ለምርመራውም ሙያ ባለቤት አልጠፋም፤ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሰበታ ውስጥ ነው። ማኅበሩ ለደረቀውና ለተመረመረው ፋጉሎ በኪሎ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ፣ ለሻገተው ቢቀንስ፣ ነጋዴው መጋዘኑን የሚያደርቀው ስለ ጽድቅ ብሎ ሳይሆን ስለ ትርፉ ይሆናል።