ሳይበሩ በባሕር ሽርሽር፤ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችና የሳውዝሃምፕተን ወደብ ገበያ

ፈጣን ተወዳዳሪ ወደ ገበያ በመጣ ጊዜ የዘገምተኛው ነጋዴ ዕጣ ሱቁን መዝጋት ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ እምነት ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ለመረዳት በደቡብ እንግሊዝ አገር የሚገኘውን የሳውዝሃምፕተንን ወደብ ታሪክ መመልከት ይበቃል። በዚህ ወደብ መርከብ በአይሮፕላን ተሸንፎ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያው ወደብ ልጆቻቸውን ያስከተሉ ቤተሰቦች፥ አይሮፕላን ሳይሳፈሩ፥ ለዕረፍት ወደ ባሕር ይወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመዝናናት ብቻ በመርከብ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። በ1837 ዓ.ም. ፖስታ ወደ ስፔይንና ወደ ፖርቱጋል ለማድረስ ውል የተቀበለው፥ በኋላም ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የመርከብ ኩባንያ፥ በ1844 ዓ.ም. ከሳውዝሃምፕተን ተነሥተው ጂብራልታርን፥ ማልታንና አቴናን ለሚጎበኙ መንገደኞች ቲኬት መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ደራሲውን ዊሊያም ታከሬን ያለ ክፍያ አሳፈረው፤ ደራሲውም የጉዞውን ታሪክ በ1846 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ የረከሰና ከዚህ ይልቅ የሚቈይ የንግድ ማስታወቂያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ የወደቡ ስም የገነነው በሽርሽር ሳይሆን አትላንቲክን በማሻገር ሥራ ነበር። በ1950 ዓ.ም. «ክዊን ሜሪ» እና «ክዊን ኤልሳቤጥ» ለተባሉት ታላላቅ መርከቦች መንገደኞች ታስቦ ኦሽን ተርሚናል የተባለ ሰፊ ሕንፃ ተመረቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1958 ዓ.ም.፥ ጄት አይሮፕላኖች በሎንዶንና በኒው ዮርክ መካከል መንገደኛ ማመላለስ ጀመሩ። መርከብ በቀናት የሚጨርሰውን መንገድ አይሮፕላን በሰዓታት ስለ ፈጸመው፥ «ክዊን ሜሪ» በ1967፥ «ክዊን ኤልሳቤጥ» ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ከሥራ ወጡ። ያ ሕንፃም በ1983 ዓ.ም. ፈረሰ። ለብዙ ዘመን ያገለግላል ተብሎ የተሠራው ቤት የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ እንኳ አልሞላም።

የመርከብ ባለቤቶች በፍጥነት መወዳደር እንደማይችሉ ከተረዱ በኋላ የፈለጉት መልስ አይሮፕላኑ የማያቃልለው ድካም የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ነበር። ልጆች ያሉት ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሁለት ሕፃናት፥ አራት ሻንጣና አንድ የልጅ ጋሪ ይዞ በአይሮፕላን ጣቢያ ተራ መጠበቅ፥ ዕቃ ማስመዘን፥ ከጠባብ ወንበር ላይ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል፥ ከዚያም በማያውቁት አገር ሆቴል መፈለግ የዕረፍቱን የመጀመሪያ ቀን ይበላዋል። ከሎንዶን ወደ ሳውዝሃምፕተን የሚሄደው ባቡር ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ ጊዜ ይፈጃል። በራሱ መኪና የሚመጣም መኪናውን በወደቡ አጠገብ ያቆማል። በአይሮፕላን ብዙ ጊዜ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ሲሆን፥ በመርከብ ያን ያህል ጥብቅ ሚዛን አይጠየቅም። ሻንጣው አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ መኝታ ክፍሉ ራሱ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛል። ልጆችም በየዕድሜያቸው ተከፍለው ከአሳዳጊዎች ጋር የሚጫወቱበት ስፍራ ስለ ተዘጋጀላቸው ወላጆች አብረው ምሳ ለመብላት ጊዜ ያገኛሉ።

ነገር ግን ሚዛን ሁለት ጎን አለው። ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኖርዌይ ፊዮርዶች በሚደረገው የሰባት ሌሊት ጉዞ ሁለት ያህል ሙሉ ቀን የሚያልፈው በባሕር ላይ ነው። ወደ ካናሪ ደሴቶች ለመድረስ ደግሞ፥ ለመሄድ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ ያለው የቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ በማዕበሉ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ባሕር የሚያዞረው ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ብዙ ኩባንያዎች ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን አይቀበሉም፤ አትላንቲክን ለማቋረጥ ደግሞ አንድ ዓመት መሙላት አለበት።

ዋጋው የሚወደደው ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ወራት ነው። ርካሹን ጊዜ ፍለጋ ልጁን ያለ ፈቃድ ከትምህርት የሚያስቀር ወላጅ በእንግሊዝ አገር ሊቀጣ ይችላል፤ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ለሚከፍል፥ በአንድ ልጅ ለእያንዳንዱ ወላጅ 80 ፓውንድ ነው። የጉዞ ሰነድም ሊዘነጋ አይገባም። በእንግሊዝ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ስፔይን ወደቦች ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህን ሳያሟላ ልጆቹን ይዞ ከወደቡ በር የሚመለስ ቤተሰብ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም።

ስለ ደኅንነት የሚጨነቁ ወላጆችም ተገቢ ምክንያት አላቸው። «ታይታኒክ» ኤፕሪል 10 ቀን 1912 ዓ.ም. የተነሣችው ከዚሁ ወደብ ነበር። ከዚያ ጥፋት በኋላ በ1914 ዓ.ም. የተጀመረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በየጊዜው እየተሻሻለ፥ ዛሬ መንገደኞች ሁሉ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተነሣ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል። ለልጆችና ለሕፃናትም ልካቸው የሆነ የነፍስ አድን ጃኬት እንዲኖር ያዛል።

የዚህ ንግድ ጥቅም ለመርከብ ባለቤቶች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ2021 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው «አዮና» የተባለችው መርከብ ከ5,000 በላይ መንገደኞች ትይዛለች። እንዲህ ያለች መርከብ በአንድ ቀን የመጡትን አውርዳ፥ አዲሶቹን ተቀብላ፥ የብዙ ቀን ሥጋ፥ አትክልት፥ እንቁላልና ወተት ጭና ትነሣለች። በዚህ ሥራ ስንቅ አቅራቢው፥ ባለሆቴሉ፥ ባለታክሲውና ባለሱቁ ሁሉ ድርሻ አለው። ስንቅ አቅራቢው ግን ሊዘነጋው የማይገባ ነገር ቢኖር መርከብ የዘገየ ጭነት ቆማ የማትጠብቅ መሆኗን ነው። ወደቡም ከዘመኑ ጋር ሄዷል፤ በ2009 ዓ.ም. በፈረሰው ሕንፃ ስም የሚጠራ አዲስ ኦሽን ተርሚናል ተከፍቷል፥ በ2021 ዓ.ም. አምስተኛው የሽርሽር መርከቦች ማስተናገጃ ተጨምሯል፥ ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮም ወደብ ላይ የቆሙ መርከቦች ሞተራቸውን አጥፍተው ከየብስ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙበት መሣሪያ ተተክሏል።

አሮጌውና አዲሱ ሕንፃ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ የሚሸጥባቸው ነገር ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው የሚሸጠው ቶሎ መድረስ ነበር፤ ቶሎ የሚያደርስ ሌላ ሲመጣ ሕንፃው ፈረሰ። በሁለተኛው የሚሸጠው፥ ልጆቿን ይዛ የደከመች እናት ሻንጣዋን አንድ ጊዜ አስቀምጣ የምታርፍበት ጊዜ ነው። አስመጪም ሆነ ላኪ፥ ባለሱቅም ቢሆን፥ ፈጣን ተወዳዳሪ በተነሣበት ቀን ዋጋ ለመስበር ከመቸኮሉ በፊት ደንበኛውን ከሁሉ የሚያደክመው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ይጠቀማል።