አልዛይመር፣ ዘረ መልና ፆታ

በአሜሪካ ከአልዛይመር ሕሙማን ሦስት እጅ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የተለመደው ማብራሪያ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ዕድሜ ይጠግባሉ የሚል ነው። የመርሳት በሽታ በአብዛኛው ከእርጅና ጋር ስለሚመጣ ማብራሪያው ስህተት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። አንድ ዓይነት ዘረ መል የወረሱ እኩያ ወንድና ሴት እንኳ ስጋታቸው የሚለያይበት የዕድሜ ክልል አለ።

ዘረ መሉ ኤፒኦኢ ይባላል። በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ ተቀምጦ ኮሌስትሮልንና ሌሎች ቅባቶችን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ያሠራል። ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4 የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች ሲኖሩት፣ ሰው አንዱን ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። ኢ4 ከአልዛይመር ጋር ዝምድና እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳዩት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አንድ ኢ4 ስጋቱን ወደ 3 እጥፍ፣ ሁለት ኢ4 ደግሞ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ያደርሰዋል። ይህም ሆኖ ኢ4 ያለው ሁሉ አይታመምም፤ የሌለውም ዋስትና የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የ40 የጥናት ቡድኖች መረጃ ተጠቃሎ ሲታይ፣ አንድ ኢ3 እና አንድ ኢ4 ያላቸው ሴቶች በአብዛኛው የዕድሜ ክልል ከወንዶች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው ተባለ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ወደ 58 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ትንታኔ ነገሩን አጠበበው። ከ55 እስከ 85 ዓመት ያለው ዘመን በጅምላ ሲታይ በሁለቱ ፆታዎች መካከል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከ65 እስከ 75 ባለው ውስጥ ግን የሴቶቹ ስጋት ከፍ ይላል። አማካይ ቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው ይህን አያይም ነበር።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ሲፈለግ ጥርጣሬው ቀድሞ ያረፈው በኢስትሮጅን ላይ ነው። ሆርሞኑ የአንጎል ሴሎች ጉልበት በሚያገኙበት ሂደት ላይ እጁ አለበት፤ ሴት ስታርጥ ደግሞ መጠኑ ያሽቆለቁላል። ታዲያ ሆርሞኑን በመድኃኒት መተካት መፍትሔ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ትልቅ ሙከራ ግን ተስፋውን አቀዘቀዘው፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ኢስትሮጅንንና ፕሮጄስቲን የተባለ ሌላ ሆርሞን በአንድነት የወሰዱ ሴቶች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ጨመረ።

ሌላው ፍንጭ ታው የተባለው ፕሮቲን ነው። በሴቶችና በወንዶች አንጎል ውስጥ የተከማቸው አሚሎይድ የተባለ ሌላ ፕሮቲን እኩል ቢሆንም፣ ከማስታወስ ችግር ጋር ይበልጥ የተሳሰረው ታው በሴቶቹ ላይ በዝቶ እንደሚገኝ የአንጎል ምስል ጥናቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ጣቱን በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ወዳለው ዩኤስፒ11 ቀስሯል። ይህ ዘረ መል የሚያሠራው ኢንዛይም ታው ላይ የተለጠፈውን «ይወገድ» የሚል ምልክት ይነቅላል፤ ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላላቸው ኢንዛይሙ ይበዛባቸዋል። ኤክስ ግን ጎጂ ብቻ አይደለም። በአይጦች ላይ በተደረገ ሌላ ምርምር ሁለተኛው ኤክስ አንጎልን ሲከላከል ታይቷል።

በሽታውን ለይቶ ማወቁም የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ የታወቀ የማስታወስ ምርመራ መርማሪው 15 ቃላት ያነባል፤ ተመርማሪው ያስታወሰውን ያህል ይደግማል። ይኸው አምስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ሌላ የቃላት ዝርዝር ጣልቃ ይገባል፤ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ሳይነበቡ ይጠየቃሉ። ሴቶች በዚህ ዓይነቱ ፈተና ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከወንዶች የተሻለ ያመጣሉ። በመሆኑም አንጎላቸው መጎዳት ከጀመረ በኋላም የጋራውን ማለፊያ ነጥብ ያልፋሉ፤ ሕመሙ ሲታወቅ ብዙ ርቆ ስለሚሆን ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ይፈጥንባቸዋል። ለየፆታው የተለየ ነጥብ ሲወጣ ጤነኛ ከተባሉት ሴቶች አንዳንዶቹ መለስተኛ የማስታወስ ችግር እንዳለባቸው ታውቋል፤ ችግር አለባቸው ከተባሉት ወንዶች ደግሞ አንዳንዶቹ ጤነኛ ሆነው ተገኝተዋል።

ከላይ የተጠቀሱት የስጋት እጥፎች ለሁሉም ሕዝብ አንድ አይደሉም። በናይጄሪያዋ ኢባዳን በዮሩባዎች ላይ በተካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት ኢ4 ከበሽታው ጋር ያለው ትስስር በአውሮፓውያን ከሚታየው የላላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኢ4ን የሚያሳይ የምራቅ ምርመራ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። እዚያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ምርመራውን ገዝታ ኢ4 ቢገኝባት፣ ዘረ መሉን መውረሷ እርግጥ ነው፤ የስጋቱ መጠን ግን በዋናነት የተሰላው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች መረጃ ነው።