አስተናጋጁ ሰርቨር ሲወድቅ ምኑን እናድን?

መቶ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ዳታ ሴንተር ውስጥ በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ላይ፣ በመቶ ቨርቹዋል ዴስክቶፖች ይሠራሉ እንበል። የሰርቨሩ ማዘርቦርድ ድንገት ተበላሸ፤ መቶውም ስክሪን በአንዴ ደረቀ። ቀጥሎ ምን መደረግ አለበት? መልሱ ዴስክቶፖቹ ቋሚ ወይም ጊዜያዊ በመሆናቸው ይለያያል።

ቋሚ ዴስክቶፕ ባለቤት አለው፤ ሰውየው የጫነው ፕሮግራምና ያስቀመጠው ፋይል እዚያው ዲስኩ ላይ ይቆያል። ጊዜያዊው ግን እንደ ሆቴል አልጋ ነው፤ እንግዳው ሲወጣ ይጸዳና ለሌላ ይሰጣል። ጊዜያዊዎቹ ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ እናት ኢሜጅ ነው። ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2008 ከቪው 3 ጋር ያመጣው ሊንክድ ክሎን፣ ሲትሪክስ በ2010 መጨረሻ በዜንዴስክቶፕ 5 ያስተዋወቀው ኤምሲኤስ (ማሽን ክሪኤሽን ሰርቪስስ)፣ በ2016 ከሆራይዘን 7 ጋር የመጣው ኢንስታንት ክሎን፣ ሁሉም ይህንኑ ቅጂ በፍጥነትና በርካሽ ለማውጣት የተፈለሰፉ ናቸው።

ስለ ሰርቨር ውድቀት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ቪኤምዌር በ2006 ያወጣውና በ2011 በቪስፌር 5 እንደ አዲስ የጻፈው ኤችኤ (ሃይ አቬይለቢሊቲ) ነው። በአንድ ክላስተር ከተቧደኑት ሆስቶች (አስተናጋጅ ሰርቨሮች) አንዱ አለቃ ሆኖ ይመረጣል፤ በእሱና በሌሎቹ መካከል በየሰከንዱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይመላለሳል። የአንዱ ምልክት ሲጠፋ አለቃው ቸኩሎ አይፈርድም፤ የተቋረጠው ኔትወርኩ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ሆስቱ በጋራ ስቶሬጁ ላይ ምልክት ይተው እንደሆነ ያያል፣ ፒንግ ያደርጋል። በተለመደው አሠራር ሆስቱ ሞተ የሚባለው በ18ኛው ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በላዩ የነበሩት ማሽኖች በተረፉት ሆስቶች ላይ ይነሳሉ።

ለዳታቤዝ ሰርቨርም ሆነ ለቋሚ ዴስክቶፕ ይህ ግሩም ነገር ነው። ለጊዜያዊ ዴስክቶፕ ግን ጥቅሙ የተጋነነ ይመስለኛል። ሠራተኛው ያላስቀመጠው ጽሑፍ ከሜሞሪው ጋር ጠፍቷል፤ ዲስኩ ላይም ሊድን የሚገባው ነገር የለም። እንደገና ሲገባ ብሮከሩ፣ ማለትም ሠራተኛውን ከዴስክቶፕ ጋር የሚያገናኘው ማሽን፣ ሌላ ዝግጁ ዴስክቶፕ ከሰጠው የድሮው ቢነሳም ባይነሳም ግድ አይሰጠውም። እንዲያውም መቶ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ማስነሳት፣ ተፈናቃዮቹን በመቀበል ላይ ባሉት ሆስቶች ሲፒዩና ስቶሬጅ ላይ ሌላ ጫና ይጨምራል። የዴስክቶፖቹ ዲስክ በወደቀው ሰርቨር የውስጥ ኤስኤስዲ ላይ ከነበረማ ኤችኤ የሚያስነሳው ነገር እንኳ አያገኝም።

ስለዚህ ዋናው ነገር ትርፍ ቦታ ነው። 8 ሆስቶች እያንዳንዳቸው 100 ዴስክቶፕ ቢሸከሙ፣ አንዱ ሲወድቅ የቀሩት 7ቱ 14 ወይም 15 ተጨማሪ ይደርሳቸዋል። እያንዳንዱ ሆስት 115 ያህል የመሸከም አቅም ይዞ መገዛት አለበት ማለት ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚበላው ይኸው ትርፍ ነው፤ ሆስት እስኪወድቅ ድረስ ማንም አያስተውለውም።

ብሮከሩም ራሱ በአንድ ሆስት ላይ የሚኖር ማሽን ነው። ቢያንስ ሁለት ሆኖ በተለያዩ ሆስቶች ላይ መቀመጥ፣ ከወደቀም ከዴስክቶፖቹ ቀድሞ መነሳት አለበት። ሲትሪክስ በ2016 ያመጣው ሎካል ሆስት ካሽ፣ ብሮከሩ ከዳታቤዙ ቢቆራረጥም ራሱ በያዘው ቅጂ እንዲሠራ ያደርጋል። የሚገርመው በዚህ ሁኔታ ቅንብሩ ካልተቀየረ ጊዜያዊ ዴስክቶፖች አይሰጡም፤ ከአንዱ ተጠቃሚ በኋላ አጽድቶ ማስነሳት ስለማይቻል የቀድሞው ሰው ዳታ ለቀጣዩ ይተርፋል ተብሎ ይፈራል። አስተዳዳሪው አደጋውን መዝኖ ራሱ መፍቀድ አለበት። ይህን ሳያነብ «ካሽ አለን» ብሎ የተኛ ሰው ክፉ ቀን ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የተጠቃሚው ፕሮፋይል (የግል ቅንብሩና ፋይሎቹ) ነው። ማይክሮሶፍት በ2018 የገዛው ኤፍኤስሎጂክስ የተጠቃሚውን ፕሮፋይል ፋይል ሰርቨር ላይ በሚቀመጥ ቪኤችዲኤክስ ፋይል ውስጥ ያኖራል፤ ሰውየው ሲገባ ፋይሉ እንደ ዲስክ ይያያዝለታል። ሆስቱ ድንገት ሲሞት ግን ፋይሉን የዘጋ የለም። ፋይል ሰርቨሩ የሞተው ዴስክቶፕ አሁንም ይዞታል ብሎ ያምናል። ሠራተኛዋ በአዲሱ ዴስክቶፕ ስትገባ ኤፍኤስሎጂክስ ቅንብሩ ካልተቀየረ በየ5 ሰከንዱ 12 ጊዜ ይሞክራል፤ አንድ ደቂቃ መሆኑ ነው። ፋይሉ የተያዘበት ቁልፍ በዚያ ጊዜ ካልተለቀቀ ኢሜይሏም ሆነ የለመደችው ቅንብር አይመጣላትም፤ የምታገኘው ጊዜያዊ ፕሮፋይል ወይም የስህተት መልእክት ነው። ያኔ እርዳታ ክፍሉ ስልክ ሲያነሳ «ኮምፒውተሬ ጠፋ» ሳይሆን «ፋይሎቼ ጠፉ» የሚል ይሰማል። ፋይል ሰርቨሩ ራሱ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስምንቱም ሆስቶች ጤነኛ ሆነው ሁሉም ሠራተኛ ሥራ ሊፈታ ይችላል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስላት በቂ አይደለም። ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ሠራተኞቹን አስጠንቅቃችሁ፣ የአንዱን ሆስት የኃይል ገመድ ንቀሉ። ሰዓት የምትይዙት ግን ማሽኖቹ እስኪነሱ ሳይሆን የመጨረሻው ሠራተኛ የራሱን ፋይል እስኪከፍት ድረስ ይሁን።