ዲስኩ ለምን ወደ ግራ ይታጠፋል?

ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ለሩቅ ፕላኔቶች መንኮራኩር ከሚሠራው ከጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ አጠገብ፣ የባሉጥ ዛፎች የበዙበት የሕዝብ መናፈሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያው ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ የተከፈተው እዚህ ነው። ቀያሹ የፍሪዝቢን በረራ ያሻሻለው ኤድ ሄድሪክ ነበር። ዒላማዎቹ በመጀመሪያ ተራ ምሰሶዎች ስለነበሩ «ነካ፣ አልነካም» የሚለው ክርክር አላባራ አለ፤ ስለዚህ ሄድሪክ ዲስኩን የሚይዝ ባለሰንሰለት ቅርጫት ሠራ። ዲስኩን በጥቂት ውርወራ እዚያ ማስገባት ነው ጨዋታው።

ለትምህርት በዚያ አገር ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንጫወት ነበር። አንዱ መስመር በዛፎች መካከል ይጠባል፤ ሌላው ገላጣ ነው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አንድ ቀን አብረውን የሚጫወቱ አዛውንት ዲስካቸው በመጨረሻ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ለምን እንደሆነ ጠየቁን። የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች ነንና ሳናመነታ «ነፋሱ ነው» አልናቸው። አዛውንቱ ቅጠሉ ሁሉ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ደግመው ወረወሩ። ዲስኩም ወደ ግራ ታጠፈ።

መልሱን ያገኘነው ማታ ወረቀት ላይ ነው። ሳይሾር የማይቆም እንዝርት ሲሾር እንደሚጸና ሁሉ፣ ዲስኩም አቅጣጫውን የሚጠብቀው በሽክርክሪቱ ነው። ነገር ግን የሚሾር አካል ለሚገፋው ኃይል የሚሰጠው ምላሽ እንግዳ ነው፤ አፍንጫውን ቀና ሊያደርግ የሚሞክር ኃይል ሲያገኘው ቀና በማለት ፈንታ ወደ ጎን ያጋድላል። ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ የሚወረውር ሰው ዲስኩን፣ ከላይ ሲታይ፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ያሾረዋል፤ እንዲህ ከሆነ የሚያጋድለው ወደ ግራ ነው።

ታዲያ አፍንጫውን የሚያነሳው ምንድን ነው? 175 ግራም የሚመዝን፣ ዲያሜትሩ 21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ እንውሰድ። ክብደቱ 1.7 ኒውተን ነው። በሴኮንድ 20 ሜትር ሲበር፣ የአየሩ እፍግታ እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬና በዲስኩ ስፋት ሲባዛ 8 ኒውተን ያህል ይሰጣል፤ ክብደቱን ለመሸከም የዚህ አንድ አምስተኛ ይበቃል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን የሚገኘው 2 ኒውተን ብቻ ነው። ዲስኩ መስመጥ ይጀምራል፤ አየሩ ከሥር ይመታዋል፤ የማንሻው ኃይል ማዕከል ወደ ፊት ይሸሻል። ያን ጊዜ ግራው ይመጣል። በውርወራው መነሻ፣ ፍጥነቱ ብዙ ሳለ፣ ማዕከሉ ወደ ኋላ ስለሚሆን አንዳንድ ቀላል ዲስክ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ተጫዋቾች ብዙ ዓይነት ዲስክ የሚሸከሙት ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም (እኛ እንደዚያ እንገምት ነበር)። ወደ ቀኝ ለሚታጠፈው መስመር አንዱን፣ ወደ ግራ ለሚታጠፈው ሌላውን ያወጣሉ።

በሳምንቱ ስህተታችንን ለአዛውንቱ ነገርናቸው። ሳቁና አንድ ያረጀ ዲስክ ሰጡን።

ዲስኩን ይዘን አዲስ አበባ ገባን። እዚህ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በሜዳችን ላይ ስንወረውረው ወደ ግራ የሚታጠፈው ቀድሞ ነው፤ ከላይ ያለውን ስሌት በዚህ አየር ደግሞ የሚሠራ ተማሪ ምክንያቱን ያገኘዋል።