ትራክተርንና መጠለያውን ለክረምትና ለውርጭ ስለ ማዘጋጀት

በሬ ሥራውን ሲጨርስ ከጋጣው ገብቶ ገለባውን ይበላል፤ ዕረፍቱም ኀይል ይጨምርለታል። ትራክተር ግን እንዲህ አይደለም። በሥራ ላይ ሳለ ከሚደርስበት ጉዳት ይልቅ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ወራት የሚደርስበት ጉዳት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ብረት ራሱን አይጠብቅምና። ስለዚህ በየዞኑና በየወረዳው የእርሻን ሥራ ለምትመሩ ሹማምንት፥ ትራክተሩና የሚቆምበት የእንጨት መጠለያ ከክፉው ወራት በፊት እንዴት እንደሚዘጋጁ በአጭሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

አስቀድሞ ግን የቃሉን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሚመጡት የመመሪያ መጻሕፍት መኪናው በቅዝቃዜ ወራት እንዴት እንደሚጠበቅ የሚናገር ምዕራፍ አላቸው። የእነርሱ የቅዝቃዜ ወራት በረዶ የሚወርድበት፥ ውሃም እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን «ክረምት» ይባላል። የእኛ ክረምት በአባቶች አቈጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናም ወራት ነው። ውርጭ በአገራችን የሚወርደው በዚህ ጊዜ አይደለም፤ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፥ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፥ በደጋው አገር ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት የምድር ሙቀት ከልካይ ሳያገኝ ወደ ላይ ይወጣልና። እንግዲህ ለእነዚያ አገሮች በአንድ ወራት የሚመጣው ጠላት ለእኛ በሁለት ወራት ይመጣል፤ ውሃው በሐምሌ፥ ውርጩ በኅዳር። ዝግጅቱም ሁለት ጊዜ ሊሆን ይገባል።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የደረሰውን ይስማ። የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ምዕራፍ ከእንግሊዝኛ ተርጕሞ «የክረምት ጥበቃ» የሚል አርእስት ሰጥቶት ነበር። በአንድ የደጋ ወረዳ በብድር ትራክተር የገዙ ወጣቶች ጽሑፉን አምነው በሰኔ ውሃውን ከራዲያተሩ አፍስሰው አቆሙት፤ በመስከረምም ከወንዝ ቀድተው ሞሉት። ኅዳር በገባ ውርጭ ወረደ፤ በማግስቱ ጧት የሞተሩ ብሎክ ከጎኑ ተሰንጥቆ ተገኘ። የመውቂያውን መኪና የሚያዞረው ያ ትራክተር ነበርና የመንደሩ ስንዴ ሳይወቃ በክምር ቆየ፤ የብድሩ ቀን ግን አልቆየም። ወጣቶቹ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ። ጥፋቱ ግን የተርጓሚው ነበር። ይህም ጽሑፍ የተጻፈው ስሕተቱን ለማረም ነው።

አንደኛ፤ ስለ መጠለያው።

መጠለያው የሚታደሰው ግንቦት ሳይወጣ ነው። ቋሚው በምድር የተተከለ መጠለያ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ቋሚው ከምድር ጋራ በሚገናኝበት ላይ ነው፤ እርጥበትና አየር በአንድነት የሚገኙት በዚያ ነውና። ስለዚህ በየቋሚው ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ቈፍሮ በካራ ጫፍ መውጋት ያስፈልጋል። ካራው ያለ ችግር ከገባ፥ ቋሚው ከላይ ደኅና ቢመስልም ይለወጥ።

ከፈረሰ አሮጌ ቤት የጥድ እንጨት ቢገኝ መልካም ነው፤ ጥድ መበስበስንም ምስጥንም ይቋቋማል። በብዙ ስፍራ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ልጡ ተልጦ በጥላ ደርቆ ይተከል፤ እርጥቡ ይጣመማል። ከጕድጓዱ ግርጌ ውሃ የሚወርድበት ጠጠር ይደረግ። ቋሚውን በሲሚንቶ ማፈን ጥንካሬ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኰማተር በመካከል ክፍተት ይሆናል፥ ውሃም በዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። ከዚህ ይልቅ አፈሩን በየደረጃው እየጠቀጠቁ መሙላትና ዙሪያውን ከፍ አድርጎ ውሃው ወደ ውጭ እንዲሸሽ ማድረግ ይሻላል። ነፋስ እንዳያዘመውም ከቋሚ ወደ ቋሚ አግድም ብቻ ሳይሆን በሰያፍ ጭምር እንጨት ይመታ።

የጣራው ምስማር ከቆርቆሮው ጕብታ ላይ እንጂ ከጐድጓዳው ላይ አይመታ፤ ውሃ የሚወርደው በጐድጓዳው ነውና። በዳገቱ በኩል ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቈፈር፤ ወለሉም በድንጋይና በጠጠር ከውጭው ምድር ከፍ ይበል። ግድግዳው ዝናም በሚመጣበት በኩል ይዘጋ፤ ሆኖም ከጣራው ሥር አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ይተው። ሁሉ የተዘጋ እንደ ሆነ የምድሩ እርጥበት በሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ጤዛ ሆኖ በሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ማዳበሪያም በዚያው ጣራ ሥር አይቀመጥ፤ እርጥበት ይስባል፥ ብረትም ይበላል። እህልና ገለባም አይጥን ይጠራሉ፤ አይጥ ደግሞ የመብራቱን ሽቦ ይቈርጣል።

ሁለተኛ፤ ከዝናም በፊት በትራክተሩ ላይ ስለሚደረገው።

መሬቱ ረጥቦ ጎማ ማስገባት ሲከለክል ትራክተሩ ወደ መጠለያው ይግባ። ነገር ግን ጭቃውን እንደ ተሸከመ አይግባ፤ ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ግራሶ በሚገባበት ሁሉ ግራሶ ይደረግለት። የሞተሩ ዘይት ከመቆሙ በፊት ይለወጥ እንጂ ሥራ ሲጀመር ይለወጣል ተብሎ አይተው። የሠራበት ዘይት አሲድና ውሃ አዝሏልና ለወራት ሲቆም ሞተሩን ይጎዳል። አዲሱ ዘይት ከገባ በኋላ በሁሉ ክፍል እንዲዳረስ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ።

የናፍጣው በርሜል እስከ አፉ ይሞላ። ጐዶሎ ከሆነ በባዶው ስፍራ ያለው አየር በሌሊት ቀዝቅዞ ጤዛ ይሆናል። ውሃ ከናፍጣ ይልቅ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም ፓምፑንና ኖዝሉን ያበላሻል። ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ።

ዝናም በጭስ መውጫው ገብቶ ወደ ሞተሩ እንዳይወርድ አፉ በጣሳ ይከደን፤ ሳይነሣ ሞተሩ እንዳይነሣም ቀይ ጨርቅ በመሪው ላይ ይታሰር። ባትሪው ይፈታ፤ ሲፈታ አስቀድሞ የነጌቲቩ ገመድ ይውጣ፤ በየወሩም ቻርጅ ይደረግ። ፍሪሲዮኑ እንዳይጣበቅ መርገጫው ተረግጦ በእንጨት ይደገፍ። ጎማው በሳንቃ ላይ ይቁም። የማረሻውም ዲስክ በግራሶ ይቀባ።

በክረምት የራዲያተሩን ውሃ ማፍሰስ ግን አያስፈልግም፤ እርጥቡ ብረት አየር ሲያገኝ ከውስጥ ይዝጋልና።

ሦስተኛ፤ ከውርጭ በፊት ስለሚደረገው።

ይህ ሁለተኛው ዝግጅት ጥቅምት ሳይወጣ ይፈጸማል፤ ይልቁንም እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ አገር። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ መስፊያ ሲያጣም የብረት ብሎክ ይሰነጥቃል። መድኀኒቱ አንቲፍሪዝ የሚባለው ፈሳሽ ነው። እኩል ከንጹሕ ውሃ ጋራ የተቀላቀለ እንደ ሆነ ከአገራችን ውርጭ እጅግ ለሚበልጥ ቅዝቃዜ ይበቃል፤ ዝገትንም ስለሚከለክል ዓመቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ከብትና ውሻ ይጠጡታል፤ ጠጥተውም ይሞታሉ። ሕፃናትም እንዳይደርሱበት ተከድኖ ይቀመጥ፤ የፈሰሰውም በምድር ላይ አይቅር።

አንቲፍሪዝ ያልተገኘ እንደ ሆነ ማታ ማታ ሞተሩ በረድ ካለ በኋላ ውሃው ይፍሰስ፤ ከራዲያተሩ ብቻ ሳይሆን ከብሎኩም መክፈቻ። በመሪው ላይም «ውሃ የለውም» የሚል ጽሑፍ ይንጠልጠል። ባትሪውም ሙሉ ይሁን፤ ሙሉ ባትሪ በአገራችን ውርጭ አይረጋም፤ የደከመው ግን ረግቶ ሊፈነዳ ይችላል።

እንግዲህ የሹሙ ተግባር ሁለት ነው። መዠመሪያ፥ በወረዳው ያሉትን ትራክተሮች ቈጥሮ በግንቦትና በጥቅምት፥ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ራሱ ሄዶ ይመልከት። እንደ ባሌ ደጋ ዝናሙ ሁለት ጊዜ በሚመጣበት አገር ግን ቀኑን ከአገሩ ገበሬዎች ጋራ ተማክሮ ይወስን። ሁለተኛ፥ በእጁ ያለው መመሪያ «የክረምት ጥበቃ» ብሎ በአንድ ምዕራፍ የጻፈ ከሆነ፥ ቃሉን ሰርዞ ነገሩን ለሁለት ይክፈል፤ አንዱን «የዝናም ወራት ጥበቃ»፥ ሁለተኛውን «የውርጭ ወራት ጥበቃ» ብሎ ይጻፍ። ለዚህ የሚወጣው ጥቂት ቀለም ነው፤ ሳይደረግ ቢቀር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።