የከተማችን ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይተዳደራል?

በገበያው አጠገብ ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ፈተና ሲቃረብ ወንበር ለመያዝ እንሽቀዳደምበታለን፤ ዝናብ ሲይዘን እንጠለልበታለን። ይሁን እንጂ «ይህ ቤት የማን ነው? የሚያስተዳድረውስ ማን ነው?» ብዬ ጓደኞቼን ብጠይቃቸው፣ ገሚሶቹ «የመንግሥት ነው» አሉኝ፤ ገሚሶቹ «እንጃ» አሉኝ፤ አንዱማ «የእትዬ ነው» ሲል መለሰልኝ። እትዬ የምንላቸው መጻሕፍቱን የሚጠብቁትና የሚያውሱን ኀላፊ ናቸው።

እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከጓደኞቼ የተሻለ ዕውቀት አልነበረኝም። ዘንድሮ ግን ተማሪዎችን ወክዬ በቤተ መጻሕፍቱ የአስተዳደር ቦርድ ውስጥ ቃለ ጉባኤ እንድጽፍ ስለ ተመረጥሁ፣ በየወሩ ከታላላቆቼ ጋር እየተቀመጥሁ ብዙ ነገር ተማርሁ። ከተማርሁትም ጥቂቱን፣ የሚያሳፍረኝንም ጭምር ሳልደብቅ፣ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላካፍል አሰብሁ።

መጻሕፍትን ሰብስቦ መጠበቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ገዳማትና አድባራት የብራና መጻሕፍትን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ለኛ አድርሰዋል። ማንም ሰው ገብቶ እንዲያነብ ተብሎ የተከፈተ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ከዚያ የተለየ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ከሚለው ስም የኋለኛውን ክፍል ብቻ አስቀርቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ አካባቢ፣ አብርሆት የተባለው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል።

በሌሎች አገሮችም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሕዝብ ባለአደራዎች ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ቤተ መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ተቋቁሞ በ1854 ለአንባቢዎች ሲከፈት፣ አስተዳደሩ ባለአደራ ተብለው ለተሾሙ ሰዎች ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋ በልዩ ልዩ አገሮች ከ2500 የሚበልጡ የቤተ መጻሕፍት ሕንጻዎች እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጠ። ነገር ግን ገንዘቡን እንዲያው አልበተነም። ከተማው ቦታውን እንዲያቀርብ፣ ደግሞም ከተሰጠው ገንዘብ ከመቶ አሥር የሚሆነውን በየዓመቱ ለማስተዳደሪያ እንዲመድብ ይጠይቅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤት ሠርቶ የሚሰጥ ደግ ሰው ይገኛል፤ የተሠራውን ቤት በየዕለቱ የሚጠብቅ ግን ከባለቤቱ በቀር አይገኝም። በአገራችንም ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በገጠር ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም መጻሕፍትና ሥልጠና ይሰጣል፤ ቤቱንና ሠራተኛውን የሚያቀርበው ግን የአካባቢው ወገን ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ከተማ ልመለስ። ቦርድ ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እድርን ማሰብ ይበቃል። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳኑና ወንበሩ የሁሉም እንጂ የዳኛው አይደለም። የቤተ መጻሕፍታችንም ቦርድ እንደዚሁ ነው። ሰባት አባላት አሉት። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ገንዘብ ያዣችን ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ናቸው፤ አንዱ አባል ከማዘጋጃ ቤት ይመጣሉ፤ የቀሩት ከወላጆች፣ ከመምህራን፣ ከእድሮችና ከተማሪዎች የተመረጡ ናቸው። እትዬም በስብሰባው ይቀመጣሉ፤ አሳብ ይሰጣሉ፤ ድምፅ ግን አይሰጡም። ከኀላፊዋ በቀር ደመወዝ የሚቀበል የለም።

የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ የገንዘብ ነገር ነው። የኀላፊዋን ደመወዝና የመብራቱን ሒሳብ ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል። መጽሐፍ መግዣው፣ የተገነጠለውን መጠረዣው፣ ወንበር ማሳደሻው ግን ከእድሮች፣ ከነጋዴዎችና በሌላ አገር ከሚኖሩ የከተማችን ተወላጆች በሚገኝ መዋጮ ነው። ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰዎች ፊርማ ሲሆን፣ በየሦስት ወሩ ሒሳቡ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ ያዣችን «ሰው የሰጠውን ብር ካላየው ዳግመኛ አይሰጥም» ይላሉ።

ሁለተኛው ሥራ ስለ መጻሕፍት ደንብ ማውጣት ነው። ቦርዱ እያንዳንዱን መጽሐፍ አይመርጥም፤ ይህ የእትዬ ዕውቀት ነው። ቦርዱ የሚወስነው ምን ዐይነት መጽሐፍ እንዲቀድም ነው። ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መጻሕፍትና የልጆች ተረት እንዲቀድሙ ተወስኗል፤ ምክንያቱም በበሩ አጠገብ በተቀመጠው የጥያቄ ደብተር ላይ አንባቢዎች አብዝተው የጻፉት እነዚህን ነው። ስጦታም ቢሆን በደንብ ነው የሚገባው። በኅዳር ወር አንድ ካርቶን ሙሉ የባዕድ አገር የግብር ሕግ መጻሕፍት ቢመጡልን፣ ከአባላቱ አንዱ «ስጦታ አይመለስም» ሲሉ ተከራከሩ። እትዬ ግን «መደርደሪያው ጠባብ ነው፤ ማንም የማያነበው መጽሐፍ የሚነበበውን ቦታ ይነጥቃል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስጦታ የምንቀበለው አስቀድመን ዝርዝሩን አይተን ነው።

ሦስተኛው የቤቱን ሰዓትና ሥርዐት መወሰን ነው። አራተኛው ጆሮ መሆን ነው፤ ማለት የሕዝቡን አቤቱታ ሰምቶ መልስ መስጠት።

ቦርዱ የማይሠራውን ማወቅም ያስፈልጋል። አንድ አባል ብቻውን ሲሆን ከማናቸውም አንባቢ የበለጠ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ የጉባኤው ነው። ከታላላቆቹ አባሎች አንዱ ከቤት እንዳይወጣ የተከለከለውን ትልቁን መዝገበ ቃላት «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብለው ቢጠይቁ፣ እትዬ «ጋሼ፣ ደንቡን የፈረሙት እርስዎ ነዎት» ብለው መለሷቸው። ጋሼም ለጊዜው ቅር ቢላቸውም፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ራሳቸው ነገሩን አንሥተው እትዬን አመሰገኑ።

አሁን የቦርድን ትርጉም በሚገባ ወዳስተማረኝ ነገር ልምጣ።

በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ለማንበብ ማንንም የሚከለክለው የለም። መጽሐፍ ወደ ቤት ለመውሰድ ግን ደመወዝተኛ ወይም ቤት ያለው ዋስ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር። እኔ አባቴ ዋስ ስለ ሆኑልኝ ስለዚህ ደንብ አስቤ አላውቅም። በጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በመኪና መናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚጠርግ ልጅ የፊዚክስ መጽሐፍ ገልጦ በደብተሩ ላይ ሲገለብጥ አየሁት። አንዳንድ መስመር ሳይሆን ገጹን በሙሉ፣ ሥዕሉንም ጭምር ነበር የሚገለብጠው። ለምን እንደዚያ እንደሚደክም ብጠይቀው፣ የማታ ተማሪ መሆኑንና ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው እርሱ ወደ ትምህርት በሚገባበት ሰዓት መሆኑን ነገረኝ። ከገጠር ብቻውን ስለ መጣ ዋስ የሚሆነው የለም። ቀጥሎም «ጋሼ፣ እርስዎ ከነሱ ጋር ይሰበሰባሉ ይባላል፤ ቢነግሩልኝ» አለኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነው። «ጋሼ» ብሎ «እርስዎ» ሲለኝ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ።

በወሩ ስብሰባ ነገሩን አነሣሁ። ገንዘብ ያዣችን ወዲያው ተቃወሙ። «ልጄ፣ አዘንህ፣ ደግ አደረግህ። ነገር ግን መጽሐፉ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ነገ ሣጥኑን አንሥቶ ሌላ ከተማ ቢሄድ ማንን እንጠይቃለን?» አሉ። ንግግራቸው የክፋት አልነበረም። ያን ገንዘብ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ የሚለምኑት እርሳቸው ናቸው። ሌሎቹም ገሚሱ እንዲህ ገሚሱ እንዲያ ሲሉ ከቆዩ በኋላ፣ ሰብሳቢው «በግምት ከምንከራከር መዝገቡ ይምጣ» አሉ። «ቀናቸው አልፎ ያልተመለሱት መጻሕፍት በማን እጅ እንዳሉ ይነበብልን።»

እትዬ መዝገቡን አምጥተው ስም በስም አነበቡ። ሁሉም ዋስ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያለ ዋስ መጽሐፍ የወሰደ አልነበረምና ሌላ ሊሆን አይችልም። ከስሞቹም መካከል የአንድ የቦርድ አባል ልጅ ስም ተጠራ። ከርሱ ቀጥሎ የኔ ስም ተጠራ። ባለፈው ክረምት የወሰድሁት የታሪክ መጽሐፍ ከአልጋዬ ሥር ተረስቶ ነበር። ቤቱ ዝም አለ። እኔም አቀርቅሬ ብዕሬን ያዝሁ፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝና የራሴን ስም በራሴ እጅ ጻፍሁ።

ሰብሳቢው አልተቆጡኝም። «ዋስ መጽሐፍን አይመልስም፤ መጽሐፍን የሚመልስ አንባቢው ነው። ዋስ የሚጠቅመው ከጠፋ በኋላ ነው» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ግን «ከጠፋ በኋላም ቢሆን የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል» ብለው አሳባቸውን አልለቀቁም። ሁለቱም እውነት ስለ ነበረ፣ ከረጅም ክርክር በኋላ የሁለቱንም አሳብ የያዘ ውሳኔ ተገኘ። ዋስ የሌለው ሰው አስቀድሞ ለአንድ ወር በአዳራሹ ውስጥ እያነበበ በእትዬ ዘንድ ይታወቃል። ከዚያም የሚያስተምረው መምህር ወይም በሰፈሩ ያለ እድር «እናውቀዋለን» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ለገንዘቡ አይዋሱም፤ ስለ ጠባዩ ይመሰክራሉ። በዚህም አንድ መጽሐፍ ለሰባት ቀን ይወስዳል። ደንቡ ለስድስት ወር እንዲሞከርና ከዚያ በኋላ እንደ ገና እንዲታይ ተወሰነ። ገንዘብ ያዣችን ድምፃቸውን በተቃውሞ ሰጡ፤ እርሱም በቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ሆኖም የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት የመጣው እርሳቸው ካሉበት እድር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የታሪኩን መጽሐፍ መለስሁ። አባቴ ስለዚህ ነገር የሚሰሙት ምናልባት ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ ይሆናል፤ ይቅርታቸውን እለምናለሁ።

ያ ልጅ ወሩን ፈጽሞ የፊዚክሱን መጽሐፍ ወሰደ። በስድስተኛው ቀን መለሰው። የጫማ ቀለም እንዳይነካው በጋዜጣ ሸፍኖት ስለ ነበር፣ እትዬ ሽፋኑን ሳያወልቁ በመደርደሪያው ላይ አኖሩት፤ ዛሬም እንደ ተሸፈነ ነው። ነገር ግን ሁሉ ያለ ጉድለት ሄደ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በአዲሱ ደንብ ከተሰጡት መጻሕፍት አንዱ እስካሁን አልተመለሰም፤ ወሳጁም ከከተማው ሄዷል ይባላል። ቦርዱ ይህን አልደበቀም፤ ከሒሳቡ ጋር በበሩ ላይ ለጠፈው። በመጪው ሐምሌ ስድስት ወሩ ሲፈጸም ክርክሩ እንደ ገና ይነሣል። እኔም መዝገቡን ይዤ እቀርባለሁ፤ የሚመጣውን ውሳኔ ግን ከአሁኑ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። ቦርድ ማለት ሁሉን የሚያውቁ ሰዎች ስብስብ አይደለም። አንዱ ያላየውን ሌላው የሚያይበት፣ የተወሰነው ለምን እንደ ተወሰነ ተጽፎ የሚቀመጥበት፣ ስሕተት ሲገኝም የሚታረምበት ጉባኤ ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ዋስ የሌለው ሰው ግን በመካከላቸው ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከአልጋችሁ ሥር እዩ። የቆየ መጽሐፍ ብታገኙ ነገ መልሱት። የምትፈልጉትን መጽሐፍ ስም በጥያቄው ደብተር ላይ ጻፉ፤ ደብተሩ በእውነት ይነበባል። የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን ደግሞ፣ በየዓመቱ በሰኔ ወር በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንድትገኙልን በትሕትና እለምናለሁ። ባለፈው ዓመት ከተደረደሩት ወንበሮች የሚበዙት ባዶ ነበሩ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ቤተ መጻሕፍታችንም እስከ ዛሬ በሰባት ሰዎችና በእትዬ ትከሻ ላይ ነው። እናንተም አንዳንድ ሎሚ አንሡ።